አሰለፈች ሰው የጠራችበት ችሎት

አሰለፈች ከሥራ የተባረረችው በአማርኛ ነው። ነገሩን ሁሉ ያወሳሰበውም ይኸው ነበር።

ኦስሎ ውስጥ አልናብሩ በሚባል ሰፈር፣ ከዕቃ ባቡር ማራገፊያው ጀርባ፣ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ አንድ ድርጅት ነበር። ባለቤቱ ኖርዌጂያዊ ነው፤ ፎርማኑ አለባቸው የሚባል ያገራችን ሰው፤ ከሠራተኞቹ የሚበዙት ደግሞ የአገራችን ሴቶች። አለባቸው ከብዙዎቻችን ቀድሞ ኦስሎ የገባ ሰው ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ፎርነቡ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ የሚቀበል፣ የክረምት ካፖርት ፈልጎ የሚያለብስ፣ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ይዞ ሄዶ ቤት የሚያስመዘግብ፣ ኋላም አልናብሩ ወስዶ ሥራ የሚያስገባ እሱ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በተከራየነው አዳራሽ ጉባኤው ሲሰበሰብ ከፊት ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ትልቁም ትንሹም ጋሼ ይለዋል። አሰለፈችንም ያስቀጠራት እሱ ነው፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት እርስዎ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1994፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ የፋንታዬን እጅ ማሽን በላው። ፋንታዬ የአለባቸው ሚስት ታናሽ እህት ናት፤ የምትኖረውም ቶየን ሰፈር እነሱ ቤት ነው። የአንሶላ መተኮሻው ማሽን፣ ሰው እጁን ወደ ጋለው በርሜል ካስጠጋ ቀጥ የሚያደርገው ዘንግ ነበረው። ዘንጉ ትንሽ በተነካ ቁጥር ማሽኑ እየቆመ ሥራ አጓተተ ተባለና በሽቦ ታሰረ። ያዘዘው ባለቤቱ፣ ያሰረው አለባቸው ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ለምዶት ነበር። የዚያን ዕለት የፋንታዬ ቀኝ እጅ ከአንሶላው ጋር አብሮ ገባ። አሰለፈች ከማሽኑ ማዶ ቆማ አንሶላ ትቀበል ነበር። ጩኸቱን ሰማች፤ ሽታውም ለብዙ ጊዜ ከአፍንጫዋ አልጠፋም።

የመንግሥት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሽቦው ከቦታው የለም። ሴቶቹ ሲጠየቁ አንዷ አላየሁም አለች፤ ሌላዋ ፋንታዬ ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበር አለች። አሰለፈች ግን በተሰባበረ ኖርዌጂያንኛዋ ዘንጉ ታስሮ እንደነበር ተናገረች፤ እንዴት እንደታሰረም ሻሿን ከራሷ አውርዳ ዘንጉ ላይ ጠምጥማ አሳየች። አለባቸው ከጎኗ ቆሞ ያይ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኛት።

“አሰለፈች፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ” አላት።

ምን እንዳጠፋች ጠየቀችው። አንደበትሽን ጠይቂ አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባት ልጁን እንደሚመክር፣ ሰው ከጠየቀሽ በገዛ ፈቃዴ ተውኩት ብትዪ ለስምሽ ይሻላል ብሎ መከራት። የቁም ሳጥኗን ቁልፍ ለመቀበልም እጁን ዘረጋ። ሰጠችው። በኋላ ከሁሉ አብልጣ የተቆጨችው በዚህ ነው፤ እሺ ብላ፣ ያውም በሁለት እጇ አክብራ መስጠቷ።

ሥራ ፈላጊዎች በሚመዘገቡበት ቢሮ ሄዳ ዳግፔንገር የሚሉትን የሥራ አጥ አበል ስትጠይቅ፣ ቢሮው እንደ ደንቡ ወደ ድርጅቱ ጻፈ። ድርጅቱም ማንም አላባረራትም፣ ራሷ ናት ጥላ የሄደችው ብሎ መለሰ። ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ለጣለ ሰው አበል የለም ተባለች። ቅሬታዋን ለበላይ ቢሮ አቀረበች። እነሱም በተራቸው ጠየቁ፤ በዚህ ጊዜ የመለሰላቸው አለባቸው ራሱ ነው። በራሳችን ቋንቋ ሥራውን ትቻለሁ አለችኝ፣ እንድትቆይ ብለምናትም እንቢ አለች አላቸው። ቅሬታዋ ወደቀ።

አሰለፈችን ያንገበገባት የአበሉ መቅረት አይደለም። ባሏ ተረፈ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል፤ ጦማቸውን አያድሩም። ያንገበገባት ያ “ለመንኳት” የሚለው ቃል ነው። ፈረንጅ ሊገባው በማይችል ቋንቋ አባሮ፣ ያንኑ ቋንቋ መልሶ መዋሻ አደረገው። እሑድ እሑድ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ፣ አለባቸው ዐይኑን ጨፍኖ መዳፎቹን ዘርግቶ ሲጸልይ ታየዋለች። እሷ ዐይኗን አትጨፍንም። ጉባኤው አሜን ሲል እሷ በልቧ ቆይ ትላለች።

ተረፈ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሮምሶስ ካለው ቤታቸው መስኮት ሥር ተቀምጦ ነገሩን እንድትተወው ለመናት።

“እግዚአብሔር ይፈርዳል” አላት።

“ይፈርዳል። እኔ ቀጠሮውን ላስቸኩል ነው።”

“ለአንድ የልብስ ማጠቢያ ሥራ ብለሽ?”

“አባቴ ‘በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች’ ይል ነበር። ሥራው ጭብጦ መሆኑን አውቃለሁ ተረፈ። ግን ያለ ፍርድ ነው የሄደው።”

መንግሥት አቅም ለሌለው ሰው ጠበቃ ያቆማል ሲባል ሰምታ ኢንግሪ የምትባል ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ኢንግሪ ጉዳዩን ከሰማች በኋላ አልሸነገለቻትም። ቢሮውን ፍርድ ቤት ማቆም ይቻላል፤ ግን የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ላይ ነውና ብዙ ተስፋ አታድርጊ አለቻት። አለባቸው ለምስክርነት እንደሚጠራ ስትነግራት ግን አሰለፈች ቀና አለች። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ይምላል ወይ ብላ ጠየቀች። ያ ድሮ ቀርቷል፣ አሁን በክብሬና በኅሊናዬ ነው የሚባለው አለቻት። አሰለፈች ቅር አላት። ጥቂት አሰብ አደረገችና ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ ሲመሰክር ማን መስማት ይችላል?

ማንም፣ አለች ኢንግሪ። ችሎቱ ለሁሉ ክፍት ነው።

አሰለፈች ከዚያ ቢሮ ስትወጣ ሌላ ሴት ሆና ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ፋንታዬ ዘንድ ነው። ፋንታዬ ከሆስፒታል ወጥታ ቶየን እህቷ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇን ብርድ ልብስ ሥር ሸሽጋዋለች። አሰለፈች ስለ ሽቦው እንድትመሰክርላት ለመነቻት። ፋንታዬ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የምበላው የማን እንጀራ ነው አለቻት። አሰለፈች ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

ቀጥሎ ፓስተር በቃሉ መጣ። ክርስቲያን ክርስቲያንን በማያምኑ ፊት መክሰሱ ነውር መሆኑን ከጳውሎስ መልእክት ጠቅሶ ነገራት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው አላት። አሰለፈች በትሕትና ሰማችው። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሼ አለባቸው ነገ ጠዋት ቢሮ ሄደው የተናገሩትን ያስተካክሉ፣ እኔም ከሰዓት በኋላ ክሱን አነሣለሁ። ፓስተሩ መልእክቱን አደረሰ። ከአለባቸው የመጣው መልስ እጸልይበታለሁ የሚል ነበር። አሰለፈች ይህን ስትሰማ ሳቀች። ያ ሳቅ ተረፈን አስፈራው።

አለባቸውም ቢሆን ሳይጨነቅ የቀረ ሰው አልነበረም። ሴቶቹን ሁሉ አልናብሩ ያስገባቸው እሱ ነው። ባለቤቱ ያንተን ሰዎች ያመጣሃቸው አንተ ነህ፣ ያቺን ሴት ካላወጣህ ሁሉንም አወጣለሁ ብሎት ነበር። አለባቸው አንዷን ሰጥቶ ሌሎቹን ያዳነ መስሎት ነው የኖረው። ይህ ሁሉ ግን የተሰማው በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ አሰለፈች ብታውቀውም የምትራራ አልነበረችም።

ከተማው ሁሉ አውሮፓ ኅብረት እንግባ አንግባ እያለ በሚከራከርበት በኅዳር ወር የቀጠሮው ቀን ተቆረጠ። አሰለፈች ሰው መጥራት ጀመረች። ሠርግ እንደሚጠራ ሰው ከሮምሶስ እስከ ቶየን፣ ከደረጃ ደረጃ፣ ከበር በር ዞረች። ስለ ራሷ መከራ አልተናገረችም። ለእኔ ቁሙልኝም አላለችም፤ ብትል ኖሮ አብዛኛው ሰው ሰበብ ፈልጎ ይቀር ነበር፤ አለባቸው ያላስቀጠረው፣ ያልተቀበለው፣ ያላለበሰው ቤት የለማ። እሷም ይህን አውቃ ያለቻቸው ሌላ ነበር። ጋሼ አለባቸው በፈረንጅ ችሎት ፊት ብቻቸውን ሲቆሙ ደስ አይልም፤ እኔም ብሆን ወንድሜ ናቸው፤ መጥታችሁ ከኋላቸው ብትቀመጡ ያበረታቸዋል አለቻቸው። ሰውም በትሕትናዋ ተገረመ። እንዴት ያለች ልበ ቅን ናት ተባለች። ተረፈ ብቻ ነበር የገባው፤ እሱም ዝም አለ።

በቀጠሮው ጠዋት አዲሱ የፍርድ ቤት ሕንፃ በር ላይ የእሑድ ልብሱን የለበሰ ሰው ተሰልፎ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ሰሚ መጥቶ ስለማያውቅ የተመደበው ክፍል ጠባብ ነው፤ አስተናባሪው ከሌላ ክፍል ወንበር አመጣ፤ ቦታ ያጡት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ኢንግሪ ደንግጣ እነዚህ እነማን ናቸው ብላ አሰለፈችን ጠየቀቻት። ቤተ ዘመድ ናቸው አለቻት።

ምስክር ተራው እስኪደርስ ከውጭ ይጠብቃል። አለባቸው ኮሪደሩ ላይ፣ ከድርጅቱ ባለቤት ጎን ተቀምጦ፣ ያገሩ ሰው አንድ በአንድ በፊቱ አልፎ ሲገባ አየ። አንዳንዱ አይዞህ እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሚስቱ ገባች። ፓስተር በቃሉ ገባ። በመጨረሻ፣ አሰለፈች እንኳ ያልጠበቀቻት ፋንታዬ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ መጥታ ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች።

አሰለፈች የቆረጠችው እንዲዋሽ ነበር። ያንን ሁሉ ሰው የሰበሰበችው አለባቸው በጆሯቸው እንዲዋሽ፣ ከዚያም ወዲያ በእሑድ ጸሎቱ አንድም ሰው አሜን እንዳይለው ነው። እውነቱን ይናገራል ብላ ለአንዲት ደቂቃ አላሰበችም።

ሲጠራ ገባና ከዳኛው ፊት ቆመ። ዳኛው ሽበታም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ቃል ሲገባ በክፍሉ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ጉባኤውም ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆመው ቆመ። አለባቸው በክብሩና በኅሊናው እውነቱን እንደሚናገር አረጋገጠና ተቀመጠ። አሰለፈች ግን አንድ ያላሰበችበት ነገር ነበር፤ የምስክሩ ወንበር ፊቱን ወደ ዳኛው፣ ጀርባውን ወደ ሕዝቡ ያደረገ ነው። ሰዎቹን አያያቸውም። የሚናገረውም በኖርዌጂያንኛ ነው፤ ግማሹ ሰው አጥርቶ አይሰማም። አለባቸው ቋንቋውን ያውቃል፤ አንደበተ ርቱዕ ነው። ሴትዮዋ ጎበዝ ሠራተኛ እንደነበረች፣ በራሷ ፈቃድ እንደተወች፣ እሱም እንዳዘነ አንድ በአንድ ተናገረ። የመንግሥት ወገን ጠበቃ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። እንዲያው በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እሷ ተረትታ፣ እሱ አይዞህ ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

አሰለፈች የኢንግሪን እጅጌ ሳበችና ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከች። ኢንግሪ ተነሥታ ጠየቀች፤ ያን ዕለት የተነጋገራችሁት በምን ቋንቋ ነው? በአማርኛ፣ አለ አለባቸው። እንግዲያውስ የተባባላችሁትን በዚያው በተባባላችሁበት ቋንቋ ይናገሩት፣ አስተርጓሚው ይተረጉምልናል። የመንግሥት ጠበቃው ይህ ምን ይጠቅማል አለ። ዳኛው ጥቂት አሰበና አይጎዳም አለ።

አስተርጓሚው የተቀመጠው ከአሰለፈች ጎን ነው። አለባቸው ለእሱ ለመናገር ወንበሩን ማዞር ነበረበት። ሲዞር ሕዝቡን አየ።

አለባቸው አፉን ከፈተና “አሰለፈች ያለችኝ...” ብሎ ጀመረ። ቆመ። ዐይኑ ከሚስቱ ላይ ወደ ፋንታዬ ሄደ። ፋንታዬ አልገላመጠችውም፤ ብቻ ታየዋለች። አስተርጓሚው ጀምሮ ያቆመውን ያችን ግማሽ ዐረፍተ ነገር ተርጉሞ ጠበቀ። ዳኛው ጥያቄው ግልጽ መሆኑን ጠየቀው። ውኃ ጠጣ።

“እሷ ምንም አላለችኝም” አለ በአማርኛ። “ያልኳት እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ አልኳት። ትቆይ ብዬም አልለመንኳትም። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝ ባለቤቱ ነው። ተቆጣጣሪው ሳይመጣ የፈታሁትም እኔ ነኝ።”

አስተርጓሚው መተርጎም እስኪጀምር የኖርዌይ ሰዎቹ ምን እንደተባለ አላወቁም፤ ለጥቂት ጊዜ እውነቱን የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ ብቻ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። የመንግሥት ጠበቃው ትርጉሙን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ሲጠየቅም ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም አለ። አለባቸው አሰለፈችን ቀና ብሎ አያት። እሷ ዐይኗን አልሰበረችም፤ ግን ውስጧ ባዶ ሆነ። ስትጠብቀው የኖረችው ይህንን አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ የሆነው ደግሞ የባሰ ነበር። ሕዝቡ አለባቸውን ከበበው። አቀፉት፣ ሳሙት፣ ጌታ ይባርክህ አሉት። ጌጤ የምትባል አሮጊት በሁለት እጇ ፊቱን ይዛ ዛሬ እንደ አዲስ ተወለድክ አለችው። ፓስተር በቃሉ እንባውን ጠረገ። አሰለፈች ዘንድ የመጣ ተረፈ ብቻ ነው፤ ካፖርቷን ይዞላት። የድርጅቱ ባለቤት ተነሥቶ ሻርፑን ጠመጠመና ማንንም ሳያይ በደረጃው ወረደ። ምስክርነቱ ስላላስፈለገ ማንም አላስቆመውም። አሰለፈች እስኪሰወር ድረስ በዐይኗ ሸኘችው።

ፍርዱ ከገና በፊት ወጣ። አሰለፈች አሸነፈች፤ አበሏ ከጅምሩ ታስቦ እንዲሰጣት ተወሰነ። ኢንግሪ ደውላ ደስ አይልሽም ወይ ስትላት፣ በኖርዌጂያንኛ ያ፣ ያ፣ አዎ ደስ ይለኛል አለቻት። ደስ ግን አላላትም።

በሚቀጥለው እሑድ አለባቸው ለምስክርነት ወደ መድረክ ወጣ። በእኛ ጉባኤ ጌታ ያደረገለትን የሚናገር ሰው መሰከረ ይባላል። አለባቸው መሰከረ፤ አሳምሮ መሰከረ። በዚያች ወንበር ላይ ሲዞር መንፈስ እንዴት ምላሱን እንደያዘው፣ የዋሸበት አንደበት እንዴት እንደተፈታ ተናገረ። ሰው ሃሌሉያ አለ። ፓስተሩ የጉባኤው ደስታ ሙሉ እንዲሆን እህት አሰለፈች ትምጣና ይተቃቀፉ አለ።

አሰለፈች ከኋላ ወንበር ተነሥታ ወደ ፊት ሄደች። አለባቸው እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። አላቀፈችውም።

“እኔን ተወኝ” አለችው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። “የእኔ ሥራ ነው፣ ሌላ ይገኛል። ስለ ምላስህ ነገርከን፤ ስለ እጅህ ግን አልነገርከንም። ሽቦውን ያሰርክበትን እጅ እዚህ ዘርግተህ ታጸልየናለህ። ይቅርታ የምትጠይቃት እዚያ ተቀምጣለች። ፋንታዬ፣ ተነሺና እጅሽን አሳይው።”

አለባቸው ራሱን ደፋ። ሃሌሉያ ሲል የነበረው ሕዝብ ጭጭ አለ። የጓጓችለት ጊዜ መጣ፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ግን ለአፍታ ብቻ ነው፤ ፋንታዬ ተነሣች። እጇን አላሳየችም፤ ይበልጥ በነጠላዋ ሸሸገችው።

“አሰለፈች” አለች፤ ድምፏ አልጮኸም። “ይህ ሰው ሆስፒታል ሳለሁ በየቀኑ መጥቷል። በማንኪያ ያጎረሰኝ፣ ቁስሌን ያጠበልኝ እሱ ነው። ይቅር በይኝ ብሎ እግሬ ላይ የወደቀው ገና በበጋ ነው፤ እኔም እስካሁን እሺ አላልኩትም፤ እሱ የእኔና የእሱ ነገር ነው። አንቺ ግን ስንት ቀን ጠየቅሽኝ? አንድ ቀን መጣሽ። እሱንም ምስክር ሁኚኝ ልትዪኝ ነው። ስለ እጄ አንድ ቃል ሳትጠይቂኝ ወጣሽ።”

አሰለፈች ካፖርቷን እንኳ ሳትቆልፍ በመካከለኛው መንገድ አልፋ ወጣች። ተረፈ ተከተላት። በረዶ ይጥል ነበር። እስከ ባቡር ጣቢያው ከሄዱ በኋላ፣ አጥፍቻለሁ ወይ ብላ ጠየቀችው።

“ስለ እሱ አላውቅም” አላት ተረፈ። “ስለ ፋንታዬ ግን አጥፍተሻል።”

አሰለፈች አለባቸውን ይቅር አላለችውም። እንቅልፍ ያሳጣት የፋንታዬ ቃል ነው። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ብርቱካን ገዝታ ቶየን ሄደች። በሩን የከፈተላት አለባቸው ነው። ጸጉሩ ተንጨብርሯል፤ ቀኑን ቤት የሚውል ሰው ይመስላል። መንገድ ለቀቀላትና ወደ ማድ ቤት ገባ። ፋንታዬ ሶፋው ላይ ነበረች። አሰለፈች እጇን አሳዪኝ አላለቻትም፤ ያምሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሌሊት ሌሊት፣ ብርድ ሲሆን፣ አለች ፋንታዬ። ብርቱካኑን በግራ እጇ ልትልጥ ስትታገል አሰለፈች ላግዝሽ ብላ እጇን ዘረጋች።

“ተዪ፣ እለምደዋለሁ።”

ተወችላት። ልጣጩ ተቆራርጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አሰለፈችም ለቀመችው። ስለ ችሎቱም ስለ አዳራሹም አላነሡም። ልትሄድ ስትነሣ ፋንታዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት ነኝ አለቻት።

አለባቸው አሳንሰሩ ድረስ ሸኛት። ቁልፉን ተጭነው ሲጠብቁ፣ ወለል ወለሉን እያየ፣ ከሥራ መባረሩን ነገራት። ዳግፔንገር ሲጠይቅ ድርጅቱ በገዛ ፈቃዱ ነው የተወው ብሎ እንደመለሰም ነገራት። የጠበቃዋን ስም ብትሰጪኝ አላት። አሰለፈች ይህን ሰው እንዲህ ሆኖ ለማየት ስንት ቀን እንደተመኘች አስታወሰች። አንተም ቅመሳት ልትለው ቃሉ አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው። የኢንግሪን ስምና የቢሮዋን መንገድ ነገረችው። አመስግኖ እጁን ሲዘረጋላት ግን አልጨበጠችውም፤ አሳንሰሩ ውስጥ ገብታ ቆመች።

ማታ ተረፈ ይህን ሲሰማ ታረቃችሁ ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። አይ፣ አለችው። ለእሱ ብዬ አይደለም። ያ ሰውዬ ያን ቀን ሻርፑን ጠምጥሞ ማንም ሳይጠይቀው ሄደ፤ አሁን ይጠየቃል።

ተጠየቀም። በጸደይ ወራት የአለባቸው ክስ ተሰማ፤ የድርጅቱ ባለቤትም ለምስክርነት ተጠራ። አሰለፈች ከሁሉ ቀድማ ሄዳ ፊተኛው መደዳ ላይ ተቀመጠች። ኢንግሪ ስለ ሽቦው፣ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ሁለቱ መባረር ስትጠይቀው ሰውየው ፊቱ ቀልቶ ግማሹን አላስታውስም፣ ግማሹን ፎርማኑን ጠይቁ እያለ መለሰ። ዳኛዋ ስለ ደኅንነት ዘንጉ ደግማ ስትጠይቀው ግን አዎ፣ እንዲታሰር አዝዣለሁ ለማለት ተገደደ። በዚያች ቃል የፋንታዬ የጉዳት ካሳ ጉዳይ እንደገና ተከፈተ። አለባቸውም ረታ፤ በዚያው ዓመት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ስታቫንገር ሄደ። ፋንታዬ አብራቸው አልሄደችም፤ ቶየን የራሷን ቤት ይዛ ቀረች።

የዚያን ዕለት ለዕረፍት ሲወጡ ባለቤቱ አሰለፈችን ኮሪደሩ ላይ አያት። ጠዋቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዐይኗን ስላልነቀለችበት ከብዶት ነበር። በጨዋ አነጋገር፣ ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን ወይ ብሎ ጠየቃት። ለዓመታት አንሶላውን ያጠፈችለት፣ ጥላ ሄደች ብሎ ያስጻፈባት ሴት መሆኗን አላወቀም።

አሰለፈች ማን እንደሆነች ነገረችው፤ ስሟንም ነገረችው። ከዚያ እንዲደግመው ጠየቀችው። ሁለቴ ተሳሳተ። በትክክል እስኪጠራው ድረስ ከፊቱ አልተነሣችም።